የተራራ ጅረት አምባዛ በቤት ውስጥ

በውቤ በረሃና በፒያሳ አካባቢ በጋራ ግቢ የምንኖር እናቶች ልጆቻችን «ውሻ ይገዛልን» ሲሉን ግቢው እንደማይበቃ ነግረን እንገላገላለን። ዓሣ ሲጠይቁ ግን ምክንያት ይጠፋናል። ዓሣ አይጮህም፣ ጎረቤት አያስቀይምም። ዛሬ የምናነሣው ስለ አንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከተራራ በኃይል በሚወርድ ጅረት ውስጥ የሚኖረው ትንሹ አምባዛ ነው። ይህ ዓሣ መልከ ቀና አይደለም። ልጆችን የሚያስገርመው ጠባዩ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ውኃው የቱንም ያህል ቢገፋው ንቅንቅ አይልም።

አምባዛ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ገበያ ላይ የምናውቀውን ትልቁን ጢማም ዓሣ ነው። እርሱ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር መተንፈሻ አካል ስላለው በእርጥብ ጆንያ ውስጥ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል። የተራራው ዘመዱ ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም። በሀገራችን በዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ አምፊሊየስ ላምፔይ የተባለ፣ በ1913 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የተመዘገበና ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ የዚህ ዓይነት ዓሣ አለ። እርሱን በወንዙ መተው ነው። በሌላው ዓለም ለቤት የሚሸጡት በአብዛኛው ከሂማላያ ግርጌ ጅረቶች የሚመጡት ናቸው። ከእነዚህም ግሊፕቶቶራክስ የተባሉት በደረታቸው የቆዳ እጥፋት ድንጋይ ይይዛሉ። የሚገዛ ሰው ዝርያውን ሳይጠይቅ ገንዘቡን አያውጣ፤ ባጋሪየስ የሚባለው የዚሁ ቤተሰብ ዓሣ ከ1 ሜትር በላይ ያድጋልና።

ዓሣ ቤት ገብቶ ሲሞት አብዛኞቻችን የምናስበው ረሃብን ነው፤ ምግቡንም እንጨምርበታለን። የጅረቱን አምባዛ ቶሎ የሚገድለው ግን የትንፋሽ እጥረት ነው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሽምብራችን አልበስል እንደሚል እናት ሁሉ ታውቃለች። ያው የአየር መሳሳት ዓሣውንም ይነካዋል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ጠረፍ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ ፒያሳ ላይ የሚይዘው 7 ያህል ብቻ ነው። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ደግነቱ ቤታችን ቀዝቃዛ ነው፤ ለዚህ ዓሣ ማሞቂያ መግዛት አያስፈልግም። ገንዘቡ ለፓምፕ ይዋል። ፓምፑም የሣጥኑን ውኃ በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል የሚያዞርና የውኃውን ገጽ የሚያናውጥ ይሁን።

ርዝመቱ 80፣ ስፋቱና ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 128 ሊትር ይይዛል። ውኃው ብቻውን 128 ኪሎ፣ ማለትም ከአንድ ኩንታል ጤፍ በላይ ይመዝናል። በዕድሜ ጠገቦቹ የሠፈራችን ቤቶች የጣውላ ወለል ላይ ከማስቀመጥ በፊት ወለሉ ጠንካራ መሆኑን በአናጺ ማስመርመር ያሻል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ክፍት ባልዲ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ሣጥኑ ሥራ በጀመረበት ዕለት ዓሣ ማስገባትም ስሕተት ነው፤ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያረክሱት ረቂቅ ሕዋሳት በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ማጣሪያውን በሳሙናና በበረኪና ማጠብ እነዚህን መግደል ነው። ከሣጥኑ በተቀዳ ውኃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

ሠራተኛ እናትን የሚያሳስባት ትልቁ ነገር መብራት ሲጠፋ ነው። ፓምፑ ቆመ ማለት ጅረቱ ቆመ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ከሣጥኑ በጣሳ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል፤ ልጆቹ በተራ ቢያደርጉት እንደ ጨዋታ ይወዱታል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው። መብራት እስኪመጣ ምግብ አይሰጠው። እጅ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ መነቀል አለበት፤ ይህን ለልጅ ደጋግሞ መንገር ነው።

ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚያድጉ የነፍሳት እጮች ናቸው፤ የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ ውኃውን ከማበላሸት በቀር አይጠቅመውም። የሚበላውም በጨለማ ስለሆነ ማታ መብራት ሲጠፋ ጥቂት ብቻ ይሰጠዋል። ውኃውም በየሳምንቱ ከሩብ ያህሉ ይለወጥ። ክፍሉ ውስጥ ፍሊት አይነፋ። ክዳንም ያስፈልጋል፤ እርጥብ መስተዋት እየተሳበ ይወጣል።

ልጆች ቢሰለቹት ዓሣው በራስ መኮንን ድልድይ ሥር ወዳለው ወንዝ አይጣል፤ ልጆችም ከዚያ ዓሣ ሊያጠምዱ አይውረዱ፤ የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ውኃ ነው። ቀን ቤት ውስጥ ሰው የማይውልባቸው ቤተሰቦች በበኩላችን የጅረቱን አምባዛ እንዲገዙ አንመክርም። ቀዝቃዛ ውኃ የሚስማማውና እንደ እርሱ የሚሮጥ ውኃ የማይጠይቀው ወርቃማው ዓሣ አለ። እርሱም ቢሆን በብርጭቆ ሳሕን ሳይሆን በሰፊ ሣጥን ነው የሚያዘው።