የትንፋሽ ማጠር ምንጩ አንጀት ቢሆንስ?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በስደት ያለነው ወገኖች ግን በሽታውን ብቻ ሳይሆን የተነሣበትን ወንዝም ጭምር ከሐኪም እንደብቃለን።

ደረጃ ስንወጣ ትንፋሽ ሲያጥረን፣ እግራችን ሲያብጥ «ድካም ነው፣ የስዊድን ብርድ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስዱት ሥሮች ጠበው ግፊታቸው ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ግፊት ክንድ ላይ በሚታሰረው መለኪያ አይታወቅም፤ ሳይታከም ከቆየም የልብን ቀኝ ክፍል አድክሞ ለሞት ያበቃል።

አሁን አሁን ተመራማሪዎች የዚህን ሕመም ፈለግ አንጀት ውስጥ መፈለግ ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች የሕሙማኑ የአንጀት ባክቴሪያ ከሌላው ሰው የተለየ ሆኖ እንዳገኙት አስታውቀዋል። ባክቴሪያው የሕመሙ መንስኤ ይሁን ውጤት ገና በጥናት ላይ ያለ ጉዳይ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከአንጀት ወደ ሳንባ የሚወስድ፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም ቢልሃርዚያ ነው።

በጣና፣ በዝዋይ፣ በወንጂ ወይም በዓድዋ አካባቢ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ የሚገባው ትል በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራል። እንቁላሎቹ ጉበትን ያቆስላሉ። ጉበት ሲጠጥር ደሙ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ እንቁላሎቹም አብረውት ሳንባ ድረስ ዘልቀው የደም ሥሮቹን ይጎዳሉ። ትሉ ለብዙ ዓመታት ስለሚኖር፣ ጉዳቱ አገር ከለቀቅን በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

በስዊድን ሐይቆች የሰው ቢልሃርዚያ የለም። ስለዚህ የቮርድሴንትራሉ ሐኪም ቀድሞ አስምን ቢያስብ አይፈረድበትም። በእኛ እምነት ሐኪሞች «የት አደግህ?» ብለው መጠየቅን ልማድ ሊያደርጉት ይገባል። እኛም ሳንጠየቅ «እዚህ ወንዝ ዋኝቻለሁ፣ ለቢልሃርዚያ መርምሩኝ» ማለት አለብን፤ ስዊድንኛው ካስቸገረንም በአስተርጓሚ። ወንዝ ወርዶ መዋኘት ነውር አይደለም። ለክረምት አገር ቤት የምንልካቸውን ልጆችም አንርሳ። ትሉን ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ይገድለዋል፤ አንዴ የጠበበን የሳንባ ደም ሥር እንደ ቀድሞው መመለስ ግን ከባድ ነው። ጊዜ ወሳኝ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ በሽታውን የሚያሠራጨውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱን የሚሰጠው ድርጅት መቀመጫው እዚሁ ስቶክሆልም ነው። እኒያ ወገኖቻችን የበሽታውን ስም በዚህች ከተማ በክብር አስጠርተዋል፤ እኛ በሐኪም ፊት ለመጥራት ልናፍር አይገባም እንላለን።