ጋዝ ከሸተተ ቬንትሌተሩን አይንኩ

እንደ ሁርሶ ባለ ሞቃት ቆላ ቤት ሲታፈን እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ቬንትሌተሩ ነው። ቡታጋዝ ሲሸት ግን ይህ ልማድ ቤት ያቃጥላል፤ የማብሪያ ማጥፊያው ትንሽ ብልጭታ ትበቃለች። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሕፃናት የሚጫወቱትም እዚያው ነው። ስለዚህ መብራት ሳይነኩ ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆቹን ይዘው ይውጡ።

ጎማውን በክብሪት ሳይሆን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ አረፋው እየተነፋ ከመጣ ጋዝ ያፈሳል። ሲሊንደሩን ፀሐይ ላይ አያቁሙት።

ድስት ሲገዙ ታቹ ጠፍጣፋና ከበድ ያለውን ይምረጡ። የመጥበሻውን እጀታ ወደ ግድግዳ ያዙሩ። ታቹ ክብ የሆነ ጀበና በምድጃው ላይ ስለማይረጋ፣ በተለይ የልጅ ልጆች ባሉበት፣ አይጣዱት።