የእርሻ ሠራተኛን በኅብረት መርምሮ ስለ መቅጠር

እርሻ በዘርና በበሬ ብቻ አይለማም፤ ዕውቀት ላለውና ገበሬውን ለሚያከብር ሠራተኛ አደራ ሲሰጥም ነው እንጂ። ስለዚህ ክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት፣ እናንተም ባለ መሬቶች፣ ሰውን መርጦ መቅጠር ከሥራችሁ ሁሉ ዋነኛው መሆኑን አትዘንጉ።

በብዙ መሥሪያ ቤት ግን ሥራ ፈላጊው የሚመረመረው በአንድ ወይም በሁለት ሰው ፊት በዝግ ቤት ነው። የምስክር ወረቀቱ ይታያል፤ ጥቂት ይጠየቃል፤ ያልፋል። አብረውት የሚሠሩት ባልደረቦች ስሙን የሚሰሙት ሥራ በሚጀምርበት ቀን ነው፤ ገበሬው ደግሞ ከዚያም በኋላ።

የዚህ ጉዳት በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ ባለው አገር ጎልቶ ይታያል። የሐዲያና የከምባታ ሰው ኑሮው በእንሰት ነው። እንሰት ተተክሎ እስኪፋቅ ድረስ እንደ አገሩ ደጋነት ብዙ ዓመት ይፈጃል። አጠውልግ የተባለው በሽታ፣ መንሥኤው ባክቴሪያ መሆኑን ሊቃውንት በ1960 ዓ.ም. በጽሑፍ ያስታወቁት፣ የብዙ ዓመት ድካምን በአጭር ጊዜ ያጠፋል። የሚፈውሰው መድኃኒት የለም፤ ማዳኛው የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፣ ቢላዋውንም በእሳት ማጽዳት ነው። ይህን ምልክት አይቶ መለየት የማይችል ሠራተኛ «ዝናብ ስለ ጠፋ ነው» ብሎ ቢያልፍ፣ በሽታው በዚያው ቢላዋ ወደ ጎረቤት ጓሮ ይሻገራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በአንድ ቀበሌ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የተመደቡ የልማት ሠራተኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲሠሩ የታሰበ ነውና፣ አንዱ ሲጎድል የሚተካውን የቀሩት ይመርምሩት። ከእነርሱም ጋር አንድ ብርቱ ገበሬና እንሰት የምትፍቅ አንዲት እናት ይቀመጡ፤ የእንሰትን ጠባይ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ጥያቄው አስቀድሞ ይጻፍ፤ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ይሁን። ከዚያም ተወዳዳሪው ወደ ጓሮ ይውረድ፤ የታመመውን ከጤነኛው ይለይ፤ ለገበሬውም በሚገባው ቋንቋ፣ በሐዲይሳ ወይም በከምባትሳ፣ ያስረዳ። ሽሚትና ሀንተር የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት የ85 ዓመት ምርምር ሰብስበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሥራውን እያሠሩ መፈተንና በተወሰነ ጥያቄ መመርመር እንዲያው ከመጨዋወትና የአገልግሎት ዘመን ከመቍጠር የበለጠ ሰውን እንደሚያሳውቅ ገልጠዋል።

ከመርማሪዎቹ እያንዳንዱ ሳይመካከር አስተያየቱን ለብቻው ይስጥ፤ መጻፍ የማይችል ቢኖር ቃሉ ይጻፍለት። አስቀድሞ ሹሙ ከተናገረ የቀሩት ያንኑ ይደግማሉና፣ ሹሙ በመጨረሻ ይናገር። የተወዳዳሪው ዘመድ ወይም አበ ልጅ የሆነ መርማሪ ከቦታው ይነሣ። ስለ ጎሣውና ስለ ሃይማኖቱም ማንም አይጠይቅ።

«ይህ ሁሉ የሹሙን ሥልጣን ያሳንሳል» የሚል ይኖር ይሆናል። አያሳንስም፤ ምክሩ የብዙዎች ሲሆን፣ ቍርጡ ግን ሕግ ለሾመው ነው። ይልቁንም በአድልዎ ቀጠረ ከመባል ያድነዋል። «ጊዜ ይወስዳል» ለሚለውም፣ የአንድ ቀን ፈተና ከብዙ ዓመት ጸጸት ያንሳል ብለን እንመልሳለን።

ሕዝቡም ለዚህ እንግዳ አይደለም። የዕድሩን ዳኛ ተሰብስቦ ይመርጣል፤ በሐዲያ የሊቻ፣ በከምባታ የአምበሪቾ ዩኒየን አባላት የሆኑ ማኅበራትም መሪዎቻቸውን በጉባኤ ይመርጣሉ። ለገንዘቡ ጠባቂ መምረጥ የሚችል ሰው ለእርሻው አማካሪ ለመምረጥ አያንስም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ተብሏልና።

የሙከራው ጊዜ ሲፈጸምም እነዚያው መርማሪዎች ዳግመኛ ይጠየቁ፤ ሰው በፈተና ቀንና በሥራ ቀን አንድ ላይሆን ይችላልና። ስለዚህ በወረዳችሁ በሚመጣው ክፍት ቦታ ይህን ሞክሩት፤ ፍሬውንም ከጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ሳይሆን ከገበሬው ጓሮ ተመልከቱት።