የቀና መንገድ ሁሉ ፈቃደ እግዚአብሔር ነውን?

በምእመናን ቤት አንድ ጉዳይ ያለ እንቅፋት ሲፈጸም «ፈቃዱ ቢሆን ነው» ይባላል፤ ሲሰናከልም «ፈቃዱ አይደለም» ተብሎ ይተዋል። ቃሉ የትሕትና ቃል ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን የፈቃደ እግዚአብሔር መለኪያ የነገር መሳካትና አለመሳካት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ብዙ ቤት ያስታል። (በማስተማር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች፣ ፈተና የወደቀ ተማሪ «ፈቃዱ አልሆነም» ሲል እንሰማለን፤ ደብተሩን ገልጠን ስናይ ግን ምክንያቱን ከዚያ ቀረብ ብሎ እናገኘዋለን።)

ነቢዩ ዮናስን እንመልከት። ወደ ነነዌ እንዲሄድ ታዝዞ ሳለ ወደ ተርሴስ ሊኰበልል ተነሣ። ወደ ኢዮጴ በወረደ ጊዜ መርከብ አገኘ፤ መርከቡም እርሱ ወደ ፈለገው አገር የሚሄድ ነበር፤ የሚከፍለው ዋጋም በእጁ ነበረ። በዘመናችን አነጋገር ነገሩ ሁሉ ተሳካለት። በዚያች ሰዓት አንድ ጎረቤት ቢያገኘው ኖሮ «እግዚአብሔር መንገድህን አቀናልህ» ብሎ በሸኘው ነበር። ማዕበሉ የመጣው ወደቡን ከለቀቁ በኋላ ነው።

የቅዱስ ጳውሎስ ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈ፣ በጢሮአዳ ሳለ አንድ የመቄዶንያ ሰው ሲለምነው በሌሊት በራእይ አየ፤ ከባልንጀሮቹም ጋር መጠራታቸውን ተረድተው ተሻገሩ። በፊልጵስዩስ ግን እርሱና ሲላስ በበትር ተደበደቡ፣ በወኅኒም እግራቸው በግንድ ታሰረ። በመሳካት ብንለካ እንግዲህ፣ ዮናስ በፈቃዱ ሄደ፣ ጳውሎስ ግን ተሳሳተ ልንል ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በብዙ ቤት ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የመሄድ ጥያቄ ነው። ፓስፖርቱ በቶሎ ይወጣል፤ ቪዛው ይመጣል፤ የሚያበድር ዘመድ ይገኛል፤ ያን ጊዜ «እግዚአብሔር ባይፈቅድማ እንዲህ ባልተሳካ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቈረጣል። የቪዛው መምጣት ግን የሚያስረዳው ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው መኖሩን ነው። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገሮች መሄድን አግዶ፣ በ2010 ዓ.ም. እገዳውን አንሥቷል፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ በ2006 ተዘግቶ በ2010 ተከፈተ እንበልን?

ጡት ያልጣለው ሕፃን ከማን ጋር ይቀራል? አያቱ ለማሳደግ ዐቅም አላቸውን? የሥራውን ውል አንብቦ የተረዳው ማነው? ባል ዝም ያለው ከልቡ ተስማምቶ ነውን ወይስ ዕዳው አስጨንቆት? ሄዳ የተመለሰች እኅትስ ምን ትላለች? እንዲህ ብሎ መመርመር እምነት ማጉደል የሚመስላቸው አሉ፤ እኛ ግን ልቡና የተሰጠን ለዚህም ጭምር ነው እንላለን። መሄድ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም፤ በሰው አገር ደክመው ወላጆቻቸውን የጦሩ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ ብዙዎች ናቸው።

የንስሐ አባት ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በመጨረሻው ቀን፣ ለመንገድ ጸሎት ነው። ምክር ሊጠየቁ የሚገባቸው ግን ገንዘቡ ከመከፈሉ አስቀድሞ ነው፤ «ልጄ፣ ይህስ ይቅርብሽ» ለማለት የሚቻለው ያን ጊዜ ነውና። ሻንጣው ታስሮ ደጅ ከቆመ በኋላ «አባታችን፣ ፈቃዱ ይሆን?» ቢባሉ፣ ከመባረክ በቀር ምን ሊመልሱ ይችላሉ?