«ሆድ ይፍጀው» እስከ መቼ?

«ወሬ ሰምቶ ገንዘብ የሚቀበል» ይሏቸዋል። ይህ ስም የወጣላቸው ባሕር ተሻግረው፣ በሰው ቋንቋ ተምረው፣ የመንፈስ ቁስል ማከምን እንጀራቸው ያደረጉ ወገኖቻችን ናቸው። ልጁ የልብ ሐኪም የሆነለት ቤተሰብ ለጎረቤት ያውጃል፤ የሥነ ልቦና ሕክምና ያጠናችለት ግን «እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው» ብሎ ወሬ ይለውጣል። ይህ ንቀት አላዋቂነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። የገዛ ቁስላችንን ከሚያውቁት እጆች የምናርቅበት ዘዴ ሆኖ ስላገኘሁት ነው ብዕር ያነሣሁት።

አንዷን አውቃቸዋለሁ፤ ስማቸውን አልጠራም። ወንድማቸው በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም. ተገደለ። እናታቸው ድንኳን እንዳይጥሉ፣ ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። የልጁም ስም በዚያ ቤት ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። እሳቸው አድገው የአማርኛ አስተማሪ ሆኑ፤ በ1981 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሲገቡ ግን የማስተማሪያ ዲፕሎማቸው የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ከመሆን አላዳናቸውም። ማታ ማታ ደግሞ በአንድ ሆስፒታል ያስተረጉሙ ነበር። መንገዳቸው የተጀመረው እዚያ ነው።

ሐኪሙ «ምን ያምሃል?» ሲል ያገራችን ሰው «ጨጓራዬን» ይላል። «ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። አስተርጓሚዋ ቃል በቃል ይተረጉማሉ፤ ሐኪሙም ጨጓራ ይመረምራል፣ ክኒን ያዝዛል። ከሦስት ወር በኋላ ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል። ጨጓራው ደህና ነው፤ እሱ ግን ደህና አይደለም። በር ድው ብሎ ሲዘጋ ትከሻው እንደሚዘልል፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ካልሆነ እንደማይቀመጥ ሴትዮዋ አይተዋል። «የት ታስረህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር ምን እንደሚከተልም ያውቃሉ። አስተርጓሚ ግን ከራሱ ቃል እንዲጨምር አይፈቀድለትም። አፋቸውን የተከራየው ሆስፒታል ዓይናቸውን አልፈለገውም።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ገቡ። መጀመሪያ ዲግሪውን ከሥሩ፣ ቀጥሎ በማኅበራዊ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ። ይህም አልበቃም፤ በዋሽንግተን ሕግ በራስ ፈቃድ ታካሚ ለመቀበል ከዲግሪው በኋላ በነባር ባለሙያ ቁጥጥር ሥር 3 ሺህ ሰዓት መሥራት፣ ከዚያም ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ፈቃዱን በእጃቸው ሲያስገቡ ዕድሜያቸው ሃምሳ ሊደፍን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ወሬ ለመስማት ይህን ያህል የሚደክም ሰው እስቲ አሳዩኝ!

ለመሆኑ የሚሠሩት ምንድን ነው? ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚከተለው የጭንቀት ሕመም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ በስሙ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ያለፈው ነገር አላልፍ ይላል፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የተሰማው የኮቴ ድምፅ ዛሬ ማታ ደረጃውን ይወጣል። ሃይፋ ተወልደው አሜሪካ የገቡት ኤድና ፎአ ያበጁት ሕክምና ታካሚው ያንን ሰዓት ሰላም ባለበት ክፍል ደጋግሞ እንዲተርከው ያደርጋል። ለስደተኞች የታሰበ ሌላም ዘዴ አለ፦ ወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ የሰውየው ዕድሜ ነው፤ ለደስታው አበባ፣ ለመከራው ድንጋይ ይቀመጥበታል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ድንጋይ ቦታና ቀን ይሰጠዋል። «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ ካለ ናኪቫሌን ይመልከት። በዚያ የኡጋንዳ የስደተኞች ሠፈር ሕክምናውን ለሩዋንዳና ለሶማሌ ስደተኞች የሰጡት በአጭር ሥልጠና የተዘጋጁ ስደተኞች ነበሩ፤ የብዙዎች ሕመም መቅለሉም እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ ወጥቷል።

«እኛ ጠበል አለን፣ የንስሐ አባት አለን፣ ቡና አለን» ይባላል። አለን፤ እኔም ማንንም ከጠበል አላስቀርም። ቡና ላይ ግን ስንቱ ነው የተገረፈበትን ቀን የሚያወራው? እድርም ቢሆን ሬሳ ሲኖር ነው ድንኳን የሚተክለው፤ ልጇ ወጥቶ ለቀረባት እናት ምን ደንብ አለው? በ1985 ዓ.ም. ጥላሁን ገሠሠ አንገቱ ላይ ስለደረሰው ጉዳት «ሆድ ይፍጀው» ማለቱን አገር ሁሉ እንደ ጨዋነት ቆጠረለት። እሱን አልወቅስም፤ ምርጫው የራሱ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ እኛ ቃሏን ወስደን የሁሉም ሰው ግዴታ ማድረጋችን ነው። ሆድ ደግሞ ይፈጃል እንጂ አይጨርስም፤ የጨጓራ ወረፋውን አላየንም?

አንዱን ክርክር ግን እቀበላለሁ። ሰው ያገሩን ልጅ ይፈራል። «ዛሬ የነገርኳት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሰማል» ብሎ ፈረንጅ ይመርጣል፣ ወይም ጭራሽ ይቀራል። ሐሜታችንን ለሚያውቅ ሰው ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ሆኖም ምስጢር ያወጣ ባለሙያ ፈቃዱን ሊነጠቅ፣ ፍርድ ቤትም ሊቆም ይችላል፤ የቡና ጓደኛ ምን ያጣል?

አገር ቤት ስንመለስ አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የሆነውን የማያውቅ አንባቢ የለም። የተደፈረችውን፣ ቤተሰቡ ፊቱ የተገደለበትን በገዛ ቋንቋቸው የሚያነጋግር ሰው ከየት ይምጣ? ቋንቋውንም ሙያውንም የያዙት፣ በሰው አገር አርጅተው ጡረታ ሊወጡ ነው። የሚጠራቸው፣ ወጣት እንዲያሠለጥኑ ክፍልና ወንበር የሚሰጣቸው ግን አላየሁም።

እዚያው ዋሽንግተንም ቢሆን እንግዳ ናቸው። ሴትዮዋ አንድ ዓመት በወገኖቻችን በዓል ላይ፣ ከቁርጡና ከካሴቱ ድንኳን አጠገብ፣ አንዲት ጠረጴዛ እንዲፈቀድላቸው ጠይቀው ነበር። አዘጋጆቹ «የሰው ደስታ አያበላሹ» ብለው መለሷቸው። በሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻውን እንደገና አስገቡ።