ሌሊት የተቀዳ መረጃና የሉዓላዊነት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የፈረንሣዩ ለሞንድ ጋዜጣ አንድ ከባድ ዘገባ ይዞ ወጣ፡፡ ቻይና ገንብታ በስጦታ ባበረከተችው፣ እዚሁ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ያሉ ሰርቨሮች ከ2012 እስከ 2017 በየሌሊቱ መረጃ ወደ ሻንጋይ ይልኩ ነበር የሚል ነው፡፡ ቻይና አስተባበለች፡፡ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪ ማሐማትም ዘገባውን ሐሰት ብለውታል፡፡

እኔ በፍሬ ነገሩ አልፈርድም፡፡ እንደ ሕግ ሰው የሚከነክነኝ ሌላ ነው፡፡ ዘገባው እውነት ቢሆን ኖሮ የተጣሰው ሕግ የትኛው ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2(4) የሚከለክለው በኃይል መጠቀምን ነው፡፡ ፋይል መቅዳትን በዚህ አንቀጽ ለመክሰስ የሚነሳ ጠበቃ ብዙ ርቀት አይሄድም፡፡ በሰላም ጊዜ የሚካሄድን ስለላ በጥቅሉ የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነትም የለም፡፡ ኃያላኑ ይህን ክፍተት ይወዱታል፤ ዋነኞቹ ሰላዮች እነሱ ናቸውና! በዚያው በ2018 የብሪታንያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄረሚ ራይት፣ በጣልቃ ገብነት ላይ ካለው ክልከላ ያለፈ፣ ከሉዓላዊነት መርህ የሚመነጭ የተለየ የሳይበር ክልከላ አለ ብለው እንደማያምኑ በይፋ ተናግረዋል፡፡ አጥር ዘልሎ የገባ ሰው ዕቃ እስካልሰበረ ድረስ አልበደለህም እንደማለት ነው፡፡

ኅብረቱ ደግሞ መንግሥት ስላልሆነ ‹‹ሉዓላዊነቴ ተደፈረ›› ሊል አይችልም፡፡ ሰርቨሮቹ የተተከሉት ግን በኢትዮጵያ ምድር ነው፡፡ በሉዓላዊነት ረገድ ከሳሽ የምትሆነው እንግዲህ አስተናጋጇ አገር ናት፡፡

የኅብረቱ የሰላምና ፀጥታ ምክር ቤት በጃንዋሪ 2024 ያፀደቀው የጋራ አቋም ለዚህ መልስ ሰጥቷል፡፡ አንድ መንግሥት በሌላው ግዛት ውስጥ ወዳለ የመረጃ መሠረተ ልማት ያለፈቃድ መግባቱ፣ ጉዳት አደረሰም አላደረሰም፣ ሕገወጥ ነው ይላል፡፡ ሰነዱ በራሱ አስገዳጅ ባይሆንም፣ ልማዳዊ ሕግ የሚገነባው መንግሥታት ‹‹ሕጉ ይህ ነው›› እያሉ ስለሆነ ክብደቱ ቀላል አይደለም፡፡

ይሁንና ሰይፉ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፡፡ በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ፊንስፓይ በተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒዩተሬን ሰልሏል ብሎ ዋሽንግተን ላይ ክስ መሥርቶ ነበር፡፡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በማለት የመንግሥትን ያለመከሰስ መብት አስከበረ፤ የክሱን እውነትነት አልመረመረም፡፡ ያ ፍርድ የአሜሪካን ፍርድ ቤት በር ዘጋ እንጂ የዓለም አቀፍ ሕጉን ጥያቄ አልነካም፡፡ በኅብረቱ አቋም ቢመዘንና ክሱም እውነት ቢሆን፣ አቤት የምትለው አሜሪካ፣ መልስ የምትሰጠውም ኢትዮጵያ በሆነች ነበር፡፡