ጅብ የውሻ ዘመድ አይደለም፤ ቀይ ቀበሮ ግን ነው

አንዳንድ ጓደኞቼ የእንስሳትን ወገን መለየት የስም ሽምደዳ ብቻ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ አውሬው የማን ዘመድ እንደሆነ ካልታወቀ አደጋው ከየት እንደሚመጣበትም አይታወቅምና።

ጅብን እንመልከት። ሲያዩት ውሻ ይመስላል። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ እንኳ በ1758 እ.ኤ.አ. ከውሻ ወገን አድርጎ ጽፎት ነበር። ዛሬ ግን በአጥንቱም በዲ ኤን ኤውም ተመርምሮ ለጥርኝና ለድመት የሚቀርብ ሆኖ ተገኝቷል። የውሻ ወገን መነሻው ሌላ ነው፤ ከ40 ሚልዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን አሜሪካ ታየ፤ ብዙ ዘመን ከዚያ ሳይወጣ ቆይቶ በአላስካና በሳይቤርያ መካከል በነበረው የየብስ መሻገሪያ ወደ እስያ አለፈ፤ በኋላም አፍሪካ ደረሰ።

ከዚህ ወገን አንዱ የእኛ ቀይ ቀበሮ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ «የስሜን ውሻ» እንደ ማለት ነው፤ ፈረንጆችም ለብዙ ጊዜ ቀበሮ ሲሉት ኖረዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲ ኤን ኤ ጥናት ግን ዝምድናው ከተኩላ ጋር መሆኑን አሳየ። በባሌ፥ በአርሲ፥ በስሜን፥ በወሎና በመንዝ ደጋ ፍልፈልና አይጥ እያደነ ይኖራል፤ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ አገር የለውም። ጎልማሶቹ 500 እንኳ አይሞሉም።

ተኩላ ከሆነ ደግሞ የውሻ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጭንቀቱም እዚህ ላይ ነው። በባሌ ከውሻ ጋር ተዳቅሎ ሲወልድ ታይቷል። ጅብ ስንት ዘመን ከውሻ ጋር ጎረቤት ሆኖ ሲኖር እንዲህ ያለ ነገር አልተሰማም! ከዚህ የከፋው በሽታው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አጥቢን ሁሉ ይይዛል፤ ቀይ ቀበሮ ግን በመንጋ ስለሚኖር አንዱ ከታመመ ሌላው አይተርፍም። በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌ ወብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት ሦስቱን ያህል ፈጀ።

እንግዲያው በደጋው ያለው ውሻ ሁሉ ይጥፋ የሚሉ አሉ። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። እረኛው ውሻ የሚያኖረው በጎቹን ጅብ እንዳይበላበት ነው፤ ውሻውን የሚያጠፋበት ሰው ሌሊት መጥቶ በጎቹን ይጠብቅለታልን? የሚሻለው ውሻውን መከተብ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በባሌ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ደብቆ ለቀይ ቀበሮው ራሱ ማብላት ተጀምሯል፤ ደግ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የመንደሩ ውሻ ሳይከተብ ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

ከደጋ አገር የመጣችሁ ጓደኞቼ፥ በክረምት ዕረፍት ቤታችሁ ስትገቡ ውሻችሁ ተከትቦ እንደሆነ አባታችሁን ጠይቁልኝ።